ብር ይዞ የማይገዛ ሰዓት

ጓደኛዬ ዱባይ ነው የሚሠራው። አርባ ዓመት ሲሞላው ለራሴ አንድ ነገር ላድርግ አለና ሮሌክስ ሊገዛ ቆረጠ። ሁለት ዓመት አጠራቅሟል። ጫማውን አስጠርጎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ አንድ ትልቅ ሞል ውስጥ ያለ ሱቅ ገባ። ቁጭ በል ተባለ፤ ቡና ቀረበለት። የሚፈልገው ሰዓት እዚያው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። «ያንን ስጪኝ» አላት ሻጯን። ከሰዓቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ካርድ በጣቷ አሳየችው። «ለእይታ ብቻ» ትላለች።

«ታዲያ የሚሸጠው የታለ?»

«ስምዎን ልመዝግብና እንደውልልዎታለን።»

«መቼ?»

«እሱን እንኳ መናገር አንችልም።»

ማታ ደወለልኝ። «ብር ይዤ ሄጄ ብርህን አንፈልግም ተባልኩ እኮ!» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ነጋዴ እንዴት መሸጥ አይፈልግም?

በየዓመቱ መጨረሻ ሰዓት ሰብሳቢዎች «በመጪው ዓመት ልገዛቸው የምመኛቸው» እያሉ ዝርዝር ያወጣሉ። እኔም ከዓመታት በፊት በዚህ ልክፍት ስለተያዝኩ የራሴ ዝርዝር አለኝ። ጓደኛዬ ያልገባው ዝርዝሩ ውስጥ «ምኞት» የሚለው ቃል ምን እንደሚሠራ ነው። እስቲ ለእሱ እንዳስረዳሁት ላስረዳ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መጪው ዓመት ስልም 2026ን ማለቴ ነው።)

በመጀመሪያ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ሰዓት የሚገዛ ሰው ብዙም የለም። ስልክ አለ። ስልኩ ደግሞ ከየትኛውም ሮሌክስ የበለጠ ልክ ነው። ሰብሳቢ የሚሮጠው ባትሪ ከሌለው፣ ሜካኒካል ከሚባለው ሰዓት ኋላ ነው።

ውስጡ እንዲህ ነው። እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ስስ ብረት አለ። ሞላ ነው። ቃሉን ከጣልያኖች ነው የወሰድነው። ሰዓቱን ስናጠብቀው ደግሞ «ሞላሁት» እንላለን፤ ሞላውን ሞላሁት፣ ያለ ቀጠሮ የተገናኙ ቃላት። የተጠቀለለው ሞላ ልፈታ ብሎ ይታገላል። ቢለቁት በአንድ ጊዜ ተርገፍግፎ ያልቃል። ስለዚህ በሩ ላይ ዘበኛ ተቀምጧል። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ አለች፤ በተወዛወዘች ቁጥር አንድ ጥርስ ብቻ ታሳልፍና በሩን መልሳ ትዘጋለች። ጆሯችን ላይ ስናስጠጋው የምንሰማው ቀጭ ቀጭ የዚያ በር ድምፅ ነው። በዘመኑ ሰዓቶች የተለመደው በሰከንድ 8 ጊዜ ነው። በቀን ሲባዛ ወደ 700 ሺህ ይጠጋል። ያ ሁሉ ተከፍቶ ተዘግቶ በቀን ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚስት ሰዓት ጎበዝ ይባላል።

ከዚያ ጃፓኖች መጡ። በ1969፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ሴኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አዋለ። ሞላ የለ፣ ዘበኛ የለ። ከባትሪ በሚመጣ ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ (በዛሬዎቹ 32,768 ጊዜ) የሚርገበገብ ቁራጭ ኳርትዝ ነው ሥራውን የሚሠራው። እኛ አገር ባትሪውን «ድንጋይ» እንለዋለን፤ የእውነቱ ድንጋይ ግን ኳርትዙ ነው። መጀመሪያ ውድ ነበር፤ ከዚያ ዓመት በመጣ ቁጥር እየረከሰ ሄደ። ስዊዞች ጉድ ፈላባቸው። በ1970 ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው የሰዓት ኢንዱስትሪያቸው በ1980ዎቹ 30 ሺህ አካባቢ ወረደ።

የተረፉት አንድ ነገር ገባቸው። ልክ ሰዓት በመናገር ከኳርትዝ ጋር መፎካከር ሞኝነት ነው። ስለዚህ የእጅ ሥራውን፣ ታሪኩን፣ እንደ ልብ አለመገኘቱን መሸጥ ጀመሩ። የጓደኛዬ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወረፋው እቁብ አይደለም

ሮሌክስ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አይናገርም። የገበያ ተንታኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል ይላሉ። «ሚሊዮን እየሠሩ እንዴት ይጠፋል?» አለኝ ጓደኛዬ። ፈላጊው ስለሚበልጥ ነዋ። ምርቱ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይጨምርም። ድርጅቱ ወርቅ ከማቅለጥ ጀምሮ አብዛኛውን ነገር በራሱ ነው የሚሠራው። ቡል በምትባል የስዊዝ ከተማ ከአንድ ቢሊዮን ፍራንክ በላይ የሚፈስበት ፋብሪካ እየተሠራ ነው፤ ይከፈታል የተባለው ግን በ2029 ነው። የሚያጣድፈውም የለም። ባለቤቱ መሥራቹ ሃንስ ዊልስዶርፍ ያቋቋመው ፋውንዴሽን ስለሆነ፣ በየሦስት ወሩ ትርፍ አምጣ የሚል ባለአክሲዮን የለበትም።

አሁን ዋናዋን ነገር ልብ በሉ። የሱቅ ዋጋው የተቆረጠ ነው። ዴይቶና የሚባለው ሞዴል፣ የብረቱ፣ በ2025 አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ዋጋው 16 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ያንኑ ሰዓት በዚያው ቀን ከሱቁ ውጪ ልግዛ ቢሉ ወደ 30 ሺህ ይጠራ ነበር። ድርጅቱ ዋጋውን 30 ሺህ ላይ አይሰቅለውም። ነገ ገበያው ሲቀዘቅዝ መልሶ ማውረድ ስሙን ያረክሰዋል። ስለዚህ መሀል ላይ 14 ሺህ ዶላር ወድቆ ይታያል። የወደቀ ብር ደግሞ አንሺ አያጣም። ሰዓት ምኑም ያልሆነ ሰው ሳይቀር ሄዶ ይመዘገባል። ስኳር በሸማቾች ሱቅ አንድ ዋጋ፣ ውጪ ሌላ ዋጋ ሲሆን ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰልፈኛው ሻይ የማይጠጣ ይሆናል። ይኸው ነው።

ሱቁስ? ያን 14 ሺህ ዶላር ለማን እንደሚያሸክም የሚወስነው እሱ ነው፤ በደረሰኝ ግን ሊቀበለው አይችልም። ስለዚህ በውስጠ ወይራ ይጠይቃል። መጀመሪያ የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሐብል፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ሞዴል የገዛ ሰው «ጥሩ ደንበኛ» ይባልና ስሙ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። «ለሠርጌ ነው»፣ «ልጄ ሊመረቅ ነው» ያላቸውን አስታውሰው የሚያስቀድሙም አሉ። አሠራሩ ግን ከመለመዱ የተነሣ ሰብሳቢዎች «የግዢ ታሪክ» የሚል የጨዋ ስም አውጥተውለታል። ጉቦም ሻይ መጠጫ ይባል የለ።

ጓደኛዬ «እና እቁብ ነው በለኛ» አለኝ። አይደለም። እቁብ ቢዘገይም ይደርሳል። ዕጣ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። እዚህ ተራ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ዛሬ የተመዘገበ በሳምንቱ ሊደወልለት ይችላል፤ ሦስት ዓመት የጠበቀው ጭራሽ ላይደወልለት ይችላል። የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ እንኳ (እዚህች ላይ ብቻ በእኛ አቆጣጠር) ቢያንስ የባንክ ደብተር ይዟል። የሮሌክስ ተመዝጋቢ የያዘው ቡና የጠጣበትን ትዝታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢ «በ2026 ዴይቶና እመኛለሁ» ሲል «ብሩ ይኑረኝ» ማለቱ ብቻ እንዳልሆነ ያዙልኝ። ወረፋው ይድረሰኝ፣ ሻጯ ትውደደኝ፣ ስልኬ በቻርጅ ማለቅ አይዘጋብኝ ማለቱም ነው።

2026 ለምን ተጠበቀ

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ትልልቆቹ ድርጅቶች ጄኔቫ ተሰብስበው አዲስ ሥራቸውን ያሳያሉ። የ2026ቱ ከኤፕሪል 14 እስከ 20 ነው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ሰብሳቢው የሚገምተው በልደት ነው። ይህ ሞዴል ስንት ዓመቱ ነው? ሃምሳ? መቶ? እንግዲያው አንድ ነገር ያወጣሉ።

2026 ደግሞ ልደት የበዛበት ዓመት ነው። ከሁሉ በላይ የሚወራው ኖቲለስ የሚባለው ሰዓት ሃምሳኛ ዓመት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጄራልድ ጄንታ የሚባል የጄኔቫ ሰዓት ነዳፊ ነበር። በ1972 የወጣውን ሮያል ኦክ የሚባለውን ሰዓት ኦዴማር ፒጌ ለተባለው የስዊዝ ሰዓት ቤት የሣለው እሱ ነው። በአንድ ሌሊት ነው የሣለው ይባላል። ፊቱ ዙሪያ ስምንት ማዕዘን ያለው ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ስምንት ብሎን። ብሎን እኮ የሚደበቅ ነገር ነው! እሱ አውጥቶ ጌጥ አደረገው። ሰዓቱ ብረት ነው፤ ዋጋው ግን 3,300 ፍራንክ፣ ከብዙ የወርቅ ሰዓት በላይ። ሰው ሳቀ፤ ሽያጩም ቶሎ አልተነሣም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ያው ሰው ፓቴክ ፊሊፕ ለተባለው የጄኔቫ ሰዓት ቤት የሣለው ኖቲለስ ወጣ። ቅርጹን የወሰደው ከመርከብ መስኮት ነው፤ ግራና ቀኝ የወጡት ሁለት ጆሮዎች የመስኮቱ ማጠፊያ ናቸው። ራሱ ሲያወራ፣ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ ነው የሞነጨረው።

ያ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሃምሳ ዓመት እያደር ዋጋው ሰማይ ነካ። 5711 የሚባለው የብረቱ ኖቲለስ የሱቅ ዋጋው 35 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ ውጪ ከ100 ሺህ በላይ ተሸጠ። ፓቴክ ፊሊፕ በ2021 ሞዴሉን አቆመው። ሰዉ አበደ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፊቱ ቲፋኒ በሚባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት ሰማያዊ የተቀባ አንድ 5711 በበጎ አድራጎት ጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በ2022 የመጣው ተተኪው በነጭ ወርቅ የተሠራ ነው፤ ብረት ለሚወድ ሰው በሩ ተዘጋ። አሁን የሚታለመው «ለሃምሳኛው የብረቱን ይመልሱት ይሆን» እየተባለ ነው። እኔ አይመስለኝም። በ2016 አርባኛውን ያከበሩት በፕላቲኒየምና በነጭ ወርቅ ነበር። ልደቱ ይደገሳል፣ እኛ ግን በአጥር ነው የምናየው።

ሌላው የመቶ ዓመት ባለልደት ኦይስተር ነው፤ ሮሌክስ በ1926 ያወጣው ውኃ የማያስገባ የሰዓት ቀፎ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን አቧራና ላብ የሰዓት ነቀርሳ ነበሩ። በ1927 መርሴዲስ ግላይትዝ የምትባል እንግሊዛዊት ዋናተኛ ይህን ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሀል ያለውን ባሕር ልታቋርጥ ገባች። ብርዱ ስለበረታ ሳትጨርስ ወጣች። ሰዓቱ ግን እየሠራ ወጣ። ዊልስዶርፍ ይህን በጋዜጣ የፊት ገጽ አስወጣው። ማስታወቂያ ማለት ለካ እንዲህ ነው፤ ዋናው ባይሳካም ሰዓቱ ተሳካ።

ቱዶርም በዚያው በ1926 የተመዘገበ ስም ነው። የሮሌክስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ብዙ ሰዓቶቹ በ4 ሺህና በ5 ሺህ ዶላር መሀል ይገኛሉ፣ ሱቅ ገብቶም ይገዛል። ለመቶኛው ምን እንደሚያወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ከዝርዝሬ ውስጥ ያለ ልመና የሚገኘው እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሐሜት አለ። «ፔፕሲ» የሚባለው ቀይና ሰማያዊ ቀለበት ያለው የሮሌክስ ጂኤምቲ (የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳየው) ሊቆም ነው የሚለው ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ የቆየ ነው። ወሬው ብቻውን ዋጋ ያስወጣል፤ ደላላ ደግሞ ወሬ አያጣም። በ2025 የወጣው የሮሌክስ ላንድ ድዌለርም አለ። ዘበኛው አዲስ ዓይነት ነው፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል። ለኢንጂነር የሚያስጎመጅ ነው። ለሌላው ሰው መልኩን እስኪለምደው ሁለት ዓመት ይፈልጋል ባይ ነኝ።

ዋጋውስ?

ወደ ላይ ነው። ወርቅ በኦክቶበር 2025 በአውንስ 4 ሺህ ዶላርን አለፈ። የስዊዝ ፍራንክ ጠንክሯል። አሜሪካ በኦገስት 2025 የስዊዝ ዕቃ ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በኖቬምበር ወደ 15 ለማውረድ ተስማሙ። ቀረጥ ሲወርድ የሱቅ ዋጋ አብሮ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ መርካቶን አያውቅም።

የጎን በር

ወረፋውን የሰለቸ ሰው ወደ ያገለገለ ገበያ ይሄዳል። እዚህ ያለ ወረፋ ይገኛል፤ በገበያው ዋጋ። ብዙ ሰው «ሰዓት ኢንቨስትመንት ነው» የሚለውን ወሬ የሰማው ከዚህ ነው። እውነቱ ይለያል። በኮቪድ ጊዜ ሰው ቤት ተቀምጦ፣ በክሪፕቶ ብር አግኝቶ ሰዓት ላይ ዘመተ። ዋጋው በ2022 መጀመሪያ ላይ ጣሪያ ነካ፤ ከዚያ ተንሸራተተ። ጣሪያው ላይ የገዙት እስካሁን አንገታቸውን ደፍተዋል። ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር አዲስ ሰዓት ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ እንደ መኪና። (እኛ አገር መኪና እያረጀ ዋጋው እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ የፈረንጁን መኪና ማለቴ ነው።) በዚያ ላይ ሜካኒካል ሰዓት በየአምስትና በየአሥር ዓመቱ መሀል ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ይቀባል። ለአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

አሮጌ ሰዓት ላይ ደግሞ እኛን የሚያስደነግጥ ሕግ አለ። እኛ ያረጀ ዕቃ ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው ማስወልወል ነው። እስኪያብለጨልጭ። ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ያለቅሳል። መወልወያው የብረቱን ጠርዝ ይበላል፤ ሹል የነበረው ይዶለዱማል፤ አንዴ የሄደ ብረት አይመለስም። ፊቱ በፀሐይ ቡናማ የሆነ፣ ቁጥሮቹ የወየቡ ሰዓት፣ ካልተነካካ፣ ከታደሰው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። አያታችሁ ሰዓት ትተውላችሁ ከሆነ ለወልዋይ እንዳትሰጡብኝ። ሳጥኑን፣ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንም አትጣሉ። ወረቀቱ ራሱ ብር ያወጣል።

ፎርጅዱን በሚመለከት አጭር ምክር አለኝ። የዛሬ ፎርጅድ ክብደቱም አረማመዱም ኦሪጅናል ይመስላል። «ከአየር መንገድ ሠራተኛ በቅናሽ» የሚባለውን ታሪክ ሁሉ እርሱት። ጀርባው በባለሙያ ሳይከፈት ብር አይውጣ።

ከዚህ ከፍ ሲል ጨረታ ነው። እዚህ ሰዓቱ ከለባሹ ጋር ነው የሚሸጠው። ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረ ዴይቶና በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እኛንም የሚመለከት አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል 2497፣ በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣና ከጨረታው ወጣ። በ2017 ተመልሶ ቀረበ፤ ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ስለዚህ ሰዓት አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ደግሞ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ውጪ በራሳቸው ስም የሚሠሩ ሰዓት ሠሪዎች አሉ። ከነሱ መካከል የእኔ ሰው ሬክሄፕ ሬክሄፒ ነው። ከኮሶቮ ጦርነት ሸሽቶ በልጅነቱ ጄኔቫ የገባ ስደተኛ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ፓቴክ ፊሊፕ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ዛሬ በአሮጌው የጄኔቫ ሰፈር የራሱ ቤት አለው፣ ሚሊየነሮች የሱን ስልክ ይጠብቃሉ። ዝርዝሬ ላይ አለ። አልገዛውም። ያምራል፣ በቃ።

ለእኛ የሚሆነው

ጓደኛዬን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት «ሜካኒካል ሰዓት ነው የምትወደው ወይስ ሮሌክስ?» ብዬ ነው። ዝም አለ። ሐቀኛ ዝምታ ነው።

መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ሰብሳቢ ሁሉ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ የሚጽፋት፣ ወረፋ የሌላት አንዲት ሰዓት አለች። እኛ ቤት የማትታወቅ አይደለችም። ሴኮ ፋይቭ! አባቴ ከጅዳ በመጣ ሰው ያስመጣት ነበረችው። ቀኗ በዓረብኛ ነው የምትጽፈው። በልጅነቴ ዓርብን በዓረብኛ የማውቃት በቀለሟ ነበር፤ ቀይ ስለነበረች። «ፋይቭ» የሚለው ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከ1963 ጀምሮ ድርጅቱ አምስት ነገር ቃል ገብቶ ነው፦ በእጅ እንቅስቃሴ ራሷን ትሞላለች፣ ውኃ ትችላለች፣ ቀንና ዕለት በአንድ መስኮት ታሳያለች፣ መሙያዋ አራት ቁጥር ጋ ተሸሽጋለች፣ ቀፎዋና ማሰሪያዋ ጠንካራ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ቆማ ወደ አንድ ፒያሳ ያለ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ይዤያት ሄድኩ። ጀርባዋን ከፈቷት፣ ዓይናቸው ላይ መነጽራቸውን ሰክተው ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸውን ውጠው በወረንጦ ጫፍ ያቺን የምትወዛወዝ ጎማ ነካ አደረጓት። ለሁለት ሰከንድ ሮጣ ቆመች። «አልሞተችም» አሉ። «ጠምቷት ነው። ዘይት።» ሦስት ቀን ወሰደባቸው። የከፈልኩት ከአንድ ጥሩ ምሳ ብዙም አይበልጥም። አዲሷ ሴኮ ፋይቭ 300 ዶላር አካባቢ ናት፤ ዱባይ ሱቅ ገብቶ ብር ሰጥቶ ይዞ መውጣት ይቻላል። ቡና ግን አይቀርብም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ውጪ ላላችሁ በተለይ። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ሰዓት ስትገዙ፣ ቀለበቱን ግማሽ ዙር አዙሩት። 12 የነበረው 6 ላይ ይመጣል። ቆጣሪው 9 ላይ ሲሆን ቀለበቱ 3 ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት! ሰዓቱ ፊት ለፊት የፈረንጅ፣ ዳር ዳሩን የእኛ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ የተሠራ አይደለም፤ ለሁለት አገር ሰዓት ነው የተሠራው። ግን የእኛና የነሱ ሁለት አገር አይደለ?

ወደ ንጉሡ ሰዓት ልመለስ። ያ ፓቴክ ፊሊፕ ዘላለማዊ ካሌንደር የሚባለውን ይዟል። የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31፣ ፌብሩዋሪ መቼ 29 እንደሆነ በጥርሶቹ ያስታውሳል። ከሰዓት ሥራ ሁሉ ከባዱ ከሚባሉት አንዱ ነው። እና የአሥራ ሦስት ወር አገር ንጉሥ እጅ ላይ ሆኖ አሥራ ሁለት ወር ይቆጥር ነበር። «ዘላለማዊ» ቢባልም ዓይነቱ 2100 ላይ በእጅ መታረም ይፈልጋል። የፈረንጁ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርና 2100 ላይ ይዘላል፤ ጥርሶቹ ይህን አያውቁም።

የእኛ አይዘልም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ በቃ። አሥራ ሁለቱ ወር ሁሉ 30 ነው፤ ሰዓት ሠሪን የሚያስቸግር 28ም 31ም የለም። አንድ የሚያስቸግር ጳጉሜ ናት። ለሂጅራ አቆጣጠር ፓርሚጃኒ የሚባለው የስዊዝ ቤት ሠርቶ በ2020 ሽልማት ወስዶበታል፤ የሂጅራው ደግሞ ከእኛ ይከብዳል። የእኛን አቆጣጠር የያዘ ቢሠራ እኮ፣ እየተሞላ እስከሄደ ድረስ፣ 2100 መጣ ብሎ የሚነካካው ሰው አያስፈልገውም።

ፓቴክም ሌሎቹም ዘላለማዊ ካሌንደር ላይ ከአራቱ ዓመት የትኛው ላይ እንዳለን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ያደርጋሉ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ትላለች። የ2026 ምኞቴን ጠይቁኝ ካላችሁ እሷን መስኮት ነው የምመኘው፤ በቁጥሩ ቦታ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተጽፎባት።